የመሪጌታ ይሻው አውራ ጣት

መሪጌታ ይሻው ጅብ የሚፈሩ ሰው አልነበሩም። በተማሪነታቸው ዘመን አኮፋዳ አንግተው ከደብር ደብር ሲዞሩ ስንቱ ውሻ ነክሷቸዋል፤ የርብ ወንዝም አንዴ ወስዶ ጥሻ ላይ ተፍቷቸዋል። ይህን ሁሉ እየሳቁ ነበር የሚያወሩት። እኒያ ሰው በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ምን ፈሩ ብትሉኝ፣ የገዛ አውራ ጣታቸውን! የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣት ከጋቢያቸው ሥር ወሽቀው፣ ሰው እንዳያይባቸው ሸሽገው፣ እንደ ሌባ አንገታቸውን ደፍተው ሲሄዱ ከረሙ። የሚያስቅ ይመስላል አይደል? ቆዩኝማ።

መሪጌታ ከጋፋት ማዶ ባለች አንዲት ደብር ዜማ ያስተምራሉ። አገሬው "የኔታ" ነው የሚላቸው፤ ፊደል ያልቆጠረውም ጭምር። ጽሕፈታቸው ጉድ ነው። ቀለሙን ራሳቸው ከጥላሸት በጥብጠው በቀንድ ያኖሩታል፤ እስክሪብቶ አይወዱም፤ "የእስክሪብቶን ቃል ፀሐይ ይበላዋል" ይላሉ። ስለዚህ በዚያ አካባቢ መሬት የሚያከራይ፣ በሬ የሚቀናጅ፣ ውርስ የሚካፈል ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ወደ እሳቸው ደጅ ነው። ዋጋ አይጠይቁም፤ አንድ ዋንጫ ጠላ ከቀረበላቸው ይበቃቸዋል። በአንድ ነገር ግን ግትር ናቸው፤ ያለ ሦስት ምስክር ውል አይጽፉም። "ሁለት ምስክር ሁለት ጉልቻ ነው፤ ድስት አይሸከምም" ይላሉ። ማን አስተማራቸው? የኔታቸው። የኔታቸውንስ? የእሳቸው የኔታ። እንግዲህ መከራው ሁሉ የመጣው ከዚያች ከሦስተኛዋ ጉልቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ብርነሽ የምትባል የጎረቤት ልጅ ዐረብ አገር ልትሄድ ተነሣች። ሁለት ጥማድ መሬት አላት፣ አሮጊት እናት አለቻት። መሬቱን ባዩ ለሚባል ገበሬ ሰጠች። ባዩ ብርቱ ነው፣ ይህን ማንም አይክደውም። አምስት አዝመራ በእኩል ያርሳል፣ ከምርቱ ግማሹን ለእናቷ ያገባል፣ ከአምስተኛው አዝመራ በኋላ መሬቱን ይለቃል፤ ውሉ ይኸው ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጠው መሪጌታ ጻፉት፣ ጮክ ብለውም አነበቡት። ብርነሽ ፈረመች፤ ባዩ አውራ ጣቱን አተመ፤ አያ ማሩና ደረጄ ምስክር ሆነው አተሙ። ሦስተኛው ምስክር አለምነው ነበር፤ አለምነው ደግሞ በዚያ ቀን የለም።

ዋዜማውን መጥቶ ተናግሯል። "የኔታ፣ ይፋግ ያሉት አማቴ በጣም ታመዋል አሉኝ፤ ነገ ማልጄ እወርዳለሁ። እርስዎ ካሉበት እኔም አለሁበት፤ ስሜን ያስገቡት፣ ስመለስ አትማለሁ" ብሏል። እሑድ እስኪመሽ ሳይመለስ ቀረ። ብርነሽ ደግሞ ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ መኪና ልትይዝ ነው። እናቷ "ወረቀቴን" እያሉ የመሪጌታ ደጃፍ ላይ ቆሙ። መሪጌታ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። የአለምነውን ስም አዩ፤ ከስሙ አጠገብ ያለችውን ባዶ ቦታ አዩ። ቀንዱን አዘነበሉ፣ የራሳቸውን አውራ ጣት ነከሩ፣ ጠቅ! ወረቀቱን አጥፈው ለአሮጊቷ ሰጡ። ቃሉን የሰጠው አለምነው፣ የፈቀደው አለምነው፤ ጣቱ የማንም ቢሆን ምን ቸገረ? እንዲያ ነበር ያሰቡት። በማግስቱም ረሱት።

ዓመታት ሄዱ። የብርነሽ እናት ሞቱ፣ አያ ማሩም ሞቱ። ብርነሽ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ስታጥብ ወገቧ ተቀጭቶ፣ ከአንድ ሻንጣ በቀር ምንም ሳትይዝ ተመለሰች። ያላት ያች መሬት ብቻ ናት። "መሬቴን" ብትለው ባዩ ዓይኑን ሳያሽ "ሃያ አዝመራ ነው የተባባልነው" አላት። "እናትሽን አስታምሜ ቀብሬያለሁ። ድንጋዩን ለቅሜ እርከን ሠርቼበታለሁ። በአምስት አዝመራ በሚለቀቅ መሬት ላይ ማን እርከን ይሠራል?" ይህም አነጋገር ነውና ሽማግሌው ሁለት ልብ ሆነ። ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ሦስት ጊዜ ተበተኑ። በመጨረሻ ብርነሽ ወረቀቷን ይዛ ደብረ ታቦር ገባች። ለድሀ ነፃ የሕግ ድጋፍ ከሚሰጥበት ቢሮ ሜሮን የምትባል ወጣት ጠበቃ ጉዳይዋን ያዘችላትና ክስ ተመሠረተ።

የባዩ ጠበቃ የሰጠው መልስ ግን አጥንት የሚሰብር ነበር። ደንበኛዬ ማንበብ አይችልም፣ ጸሐፊው የፈለገውን ጽፎ አስትሞታል፣ ወረቀቱ ሐሰተኛ ነው ይላል። ለዚህም ማስረጃ አለኝ፤ ሦስተኛ ምስክር የተባለው አለምነው በዚያ ቀን ይፋግ ነበር፤ አለምነው ይቅረብልኝ፣ አሻራውም ይመርመርልኝ ይላል። ጸሐፊው መሪጌታ ይሻውም እንዲቀርቡ መጥሪያ ወጣ።

የቀበሌው መልእክተኛ መጥሪያውንና የመልሱን ቅጂ ሲያመጣ መሪጌታ ዜማ እያስጠኑ ነበር። አነበቡት። "አሻራው ይመርመር" ከምትለዋ ላይ ሲደርሱ ጆሯቸው ጭው አለ። ተማሪዎቹ የሚቀጥለውን እየጠበቁ ዓይን ዓይናቸውን ያያሉ። "ዛሬ ይብቃን" ብለው አሰናበቷቸው። ገና በረፋዱ! እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ከዚያች ቀን ወዲህ እህል አልረጋላቸውም። ውሻ በጮኸ ቁጥር ፖሊስ መጣ ይላሉ። ባጃጅ ከታች መንገድ ላይ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ወደ ጓዳ ይገባሉ። በዘራቸው ወህኒ የገባ የለም፤ እጃቸውን ታስረው በገበያ መካከል ሲያልፉ፣ ያስተማሯቸው ልጆች ቆመው ሲያዩ፣ "የኔታ ሐሰተኛ!" ሲባል ይታያቸዋል። በማኅሌት መሪ ሆነው ቆመው ሳለ አንድ ጊዜ ዜማው ጠፋቸው፤ ሠላሳ ዓመት የመሩት ዜማ! ከሁሉ የከፋው ደግሞ ብርነሽ ናት። የእሳቸው ጣት ወረቀቱን ካበላሸው፣ ያች ምስኪን መሬቷን ያጣችው በእሳቸው እጅ ነው ማለት ነው። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሳቸው ግን ገና ሳይደርስባቸው አለቁ።

አንድ ጠዋት ሚስታቸው ወይዘሮ አንጓች ከጓሮ የሆነ ነገር ሲፈገፈግ ሰምተው ወጡ። መሪጌታ አሮጌ የወፍጮ ድንጋይ ፊት ተንበርክከው አውራ ጣታቸውን ይፈገፍጋሉ። ደሙ በድንጋዩ ላይ ይወርዳል።

"ኧረ በስመ አብ! ምን ነካዎ?"

"አሻራውን ላጠፋው ነው" አሉ። "ላጠፋው ነው፣ አንጓች።"

ያኔ ተናገሩ። ሁሉንም። ወይዘሮ አንጓች ከነጠላቸው ጫፍ ቀደው ጣቱን እያሰሩ ሰሙና፣ "ከነገሩ ጦም እደሩ ሲባል ሳይሰሙ ቀርተው አሁን እህል ቢተዉ ምን ይረባል?" አሏቸው። "የጣት ቆዳ እንደሆነ መልሶ ይበቅላል። ይነሡ፣ ያችን ጠበቃ ሄደው ያናግሩ።"

ሜሮን ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። መሪጌታ ቢሮዋ ሲገቡ ተነሥታ ወንበር ሳበችላቸው፤ እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

"ልጄ፣ ያ ጣት የአለምነው አይደለም።" በጨርቅ የታሰረውን ጣት ከጋቢያቸው አወጡት። "ይኸ ነው።"

ሜሮን የውሉን ቅጂ አውጥታ አየች። ቀጥላ፣ "መሪጌታ፣ ሦስተኛ ምስክር ለምን አስፈለገዎት?" አለቻቸው።

"ውል በሦስት ነዋ የሚጸና!"

"ሕጉ የሚጠይቀው ሁለት ነው" አለች ቀስ ብላ። "አያ ማሩ ቢሞቱም ጣታቸው ወረቀቱ ላይ አለ። ደረጄ በሕይወት አለ፣ መጥቶ ይመሰክራል። ሦስተኛው ባይኖርም ውሉ በሁለቱ ይቆማል።"

መሪጌታ ወንበሩን ፈልገው ተቀመጡ። "ሁለት ይበቃ ኖሯል?" አሉ። ሳቅ መጣባቸው፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባ ሆነ። "ሠላሳ ዓመት ውል ጽፌ! ላላስፈለገ ጣት ነው ነፍሴን ያጎደፍኳት?" ዓይናቸውን ጠረጉና፣ "ታዲያ ዳንኩ በይኛ" አሏት።

ሜሮን ግን ለማጽናናት ብላ የምትዋሽ ልጅ አልነበረችም። "ብርነሽ ትድናለች ብዬ አስባለሁ፤ እርስዎ ቀድመው እውነቱን ከተናገሩ። ሸሽገውት ምርመራ ካወጣው ግን ዳኛዋ ሌላውንም ጣት መጠርጠራቸው አይቀርም። ስለ እርስዎ ደግሞ ቃል አልገባም። በሰው ስም ማተም ወንጀል ነው። በገዛ እግር ሄዶ መናገር ግን ነገሩን ያቀልለዋል።"

"ወህኒ ነው?"

"ላይሆን ይችላል። አይሆንም ግን አልልዎትም።"

እሷ የብርነሽ ጠበቃ ስለሆነች ለመሪጌታ ሌላ ባልደረባዋ ቆመላቸው። በዚያው ሳምንት ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ገብተው ቃላቸውን ሰጡ፤ የወይዘሮ አንጓች ወንድም ዋስ ሆናቸው። ሲፈርሙ ያ የተመሰገነ ጽሕፈታቸው የዶሮ ጭረት መሰለ። ያም ሆኖ በበሩ በሰላም ወጡ። ሜሮን ባጃጅ ድረስ ሸኘቻቸውና አደራ አለቻቸው።

"ከአለምነው ጋር ስለዚህ ጉዳይ አንዲት ቃል እንዳይነጋገሩ። የባዩ ጠበቃ 'ምስክር አስጠኑ' ካለን የደከምንበት ሁሉ ገደል ይገባል። እሱም የሚያውቀውን ይናገር፣ እርስዎም የሚያውቁትን።"

ምክሯ ትክክል ነበር። ያ ምክር እንዲያ ያለ ጣጣ ያመጣል ብሎ ማን ጠረጠረ!

አለምነውም መጥሪያ ደርሶታል። ከስሙ አጠገብ ጣት መታተሙን ሰምቷል፤ እሱ እንዳላተመ ያውቃል፤ ያኔ ከይፋግ ሲመለስ ወረቀቱ ሄዷል ተባለ፣ ነገሩም በዚያው ቀረ። እንግዲህ ጣቱ የማን እንደሆነ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። አለምነው ድምፁ ለዜማ አልሆን ብሎት እርሻ ገባ እንጂ በልጅነቱ የመሪጌታ ተማሪ ነበር፤ ዛሬ አራት ልጆች አሉት፣ ሁለቱ እዚያው እሳቸው ዘንድ ይማራሉ። ሊጠይቃቸው ቤታቸው መጣ። መሪጌታ ድምፁን ሲሰሙ ጓዳ ገብተው ተደበቁ፤ ወይዘሮ አንጓች "የሉም" አሉት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ መጣ፤ ደግሞ የሉም። መሪጌታ ወደ ደብሩ የሚሄዱበትን መንገድ ለወጡ፤ በአለምነው ማሳ በኩል ያለውን ትተው በገደሉ ጥግ መዞር ጀመሩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሸሹት።

አንድ እሑድ ግን ደጀ ሰላሙ ላይ ያዛቸው።

"የኔታ፣ ምን በደልኩ? ምነው ሸሹኝ?"

"አልሸሸሁም፣ ልጄ። ሂድ። በእናትህ፣ ሂድልኝ።" የባዩ ጠበቃ ከዛፉ ጀርባ የቆመ ይመስል ዙሪያቸውን ያያሉ።

አለምነው የታሰረውን ጣት አየ። ፊታቸውን አየ፤ ከስቶ ጉንጫቸው ገብቷል። "አይዞዎት፣ የኔታ" አላቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ አይደል የሚባለው? ያኔ 'አለሁበት' ብዬዎታለሁ፤ አሁንም አለሁበት።"

መሪጌታ ሊመልሱለት አፋቸውን ከፈቱ። የሜሮን አደራ ትዝ አላቸውና ዘጉት። አለምነው ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ሊከተሉት ሁለት እርምጃ ተራመዱ፤ ብናገር ጉዳዩ ይበላሻል፣ እታሰራለሁ የሚለው ፍርሃት እግራቸውን ያዘው። ቆመው ቀሩ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ምስክሮች ከችሎቱ ውጭ ኮሪደሩ ላይ እንዲቆዩ ታዘዙ። መሪጌታ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ አለምነው በሌላው ጫፍ፣ በመካከላቸው ደረጄ።  ደረጄ ገባ። ቀጥሎ ዳኛዋ የጣቱ ጉዳይ ይቅደም ስላሉ አለምነው ተጠራ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ መሪጌታን አያቸውና በፈገግታ አንገቱን ነቀነቀላቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። ለመሪጌታ ግን ሁዳዴ ነበር።

"መሪጌታ ይሻው!"

ገቡ። እጃቸውን አንሥተው ማሉ፤ በዕድሜያቸው የመጀመሪያው መሐላ ነው። ሜሮን ጥያቄዋን ስትጀምር ፊቷ ልክ አልነበረም፤ እሳቸው ግን በምን ልብ ያስተውሉት!

"ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አሉ። "አምስት አዝመራ ብዬ ጻፍኩ፣ አምስት አዝመራ ብዬ አነበብኩ፤ ባዩም ሰምቶ ነው ያተመው። ማሩና ደረጄ ነበሩ። አለምነው አልነበረም። በስሙ አጠገብ ያለው ጣት የኔ ነው። ጥፋቱም የኔ ነው።"

ወጣላቸው! በዚያ ሁሉ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየር እስከ ሆዳቸው ወረደ። ፍርሃቱ ለቀቃቸው፤ ቀና ብለው ዳኛዋን አዩ።

የባዩ ጠበቃ ተስፈንጥሮ ተነሣ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ አለምነው ከአሥር ደቂቃ በፊት እዚሁ ቆሞ፣ ምሎ፣ 'እዚያው ነበርኩ፤ ጣቱ የኔ ነው' ብሏል። መዝገቡ ላይ አለ!"

መሪጌታ ዞሩ። አለምነው የመሰከሩት በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ነው። አፉ ተከፍቶ እሳቸውን ያያል።

"አለምነው፣ ተነሣ" አሉ ዳኛዋ። "ሁለታችሁም እውነት ልትሆኑ አትችሉም። ጣቱ ያንተ ነው?"

አለምነው መሪጌታን አያቸው፣ ወለሉን አየ። "እሳቸው ያሉት ነው" አለ።

ዳኛዋ በሐሰት መሐላ እንዲያዝ አዘዙ፤ ፖሊስ መጥቶ ክንዱን ያዘው። መሪጌታ በዚያ ሁሉ ሳምንት የፈሩት እጅ ነው፤ ልክ እንደዚያ ነበር የታያቸው፣ አያያዙ ሳይቀር። "እኔን! እኔን ውሰዱኝ እንጂ! እሱ ምን አደረገ?" ብለው ጮኹ። ዳኛዋ ሳይቆጡ፣ "እርስዎ ቀድመው ቃልዎን ሰጥተዋል፤ የእርስዎ ጉዳይ በዐቃቤ ሕግ በኩል ይታያል። እሱ ግን የማለው በዚህ ችሎት ፊት ነው። ይቀመጡ" አሏቸው።

ፍርዱ በአራተኛው ቀን ተነበበ። ውሉ በሁለቱ ምስክሮች ጸንቷል፤ ባዩ ማሳው ላይ ያለውን ገብስ አንሥቶ መሬቱን ይለቃል። ብርነሽ እልል ማለት አምሯት በፍርድ ቤት ግቢ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ መጥታም የመሪጌታን ጉልበት ሳመች። እሳቸው "ደግ፣ ደግ" አሏት።

እነዚያን ሦስት ቀናት ፖሊስ ጣቢያ መሄድ አልቻሉም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሞክረዋል። ሁለት ጊዜ እስከ ጣቢያው ማዕዘን ደርሰው፣ የበሩን ብረት ሲያዩ ተመልሰዋል። ለአለምነው ስንቅ የምታመላልሰው ሚስቱ ነበረች። በአራተኛው ቀን ግን ከፍርድ ቤቱ በቀጥታ፣ ወይዘሮ አንጓች የጠቀለሉላቸውን ዳቦ ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ገቡ ቢባል ይቀላል።

አለምነውን ከፍርግርጉ ወዲያ አመጡላቸው። ጢሙ አድጓል። ዳቦውን ተቀበለና ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ።

"ብርነሽ ረታች" አሉት። "ሁለቱ ምስክር በቃ።"

"ሁለት ይበቃል እንዴ?" አለ አለምነው ገርሞት። "እርስዎ ያውቁ ነበር?"

"ጠበቃዋ ነግራኝ አውቄ ነበር። እውነቱንም ቀድሜ ለዐቃቤ ሕግ ተናግሬ ነበር።" ፍርግርጉን በሁለት እጃቸው ያዙ። "እንዳላናግርህ ተባልኩ፤ እኔም ፈራሁ። ምነው ልጄ፣ ምነው በሐሰት ማልክ? የአራት ልጆች አባት! ባዩን ጠልተህ ነው? ለብርነሽ ብለህ ነው?"

አለምነው ዳቦውን በሁለት እጁ አገላበጠ።

"ለብርነሽም አይደለም" አላቸው። "ያን ዕለት ደጀ ሰላሙ ላይ እንዲያ ሲፈሩ አይቼ ነው፣ የኔታ።"